ከአዲስ አበባ ወደ ዛንዚባር፤ የባሕርን ጠባይ አስቀድሞ ስለ መጠየቅ

ካርታ ዘርግቶ ከአዲስ አበባ የተነሣ ጣቱን ቀጥ አድርጎ ወደ ደቡብ የሚስብ ሰው፣ ኬንያን ተሻግሮና የምድር ወገብን አልፎ፣ ወደ ቀኝም ወደ ግራም እምብዛም ሳያዘነብል ዛንዚባር አጠገብ ይደርሳል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በአየር 1,700 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደዚያ ይበራል፤ ጉዞው በቀጥታ ከሆነ ሦስት ሰዓት ቢፈጅ ነው። ዳሩ ግን መንገዱ በኪሎ ሜትር ብቻ አይመዘንም። ተጓዡ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ካለው ደጋ ተነሥቶ የሚያርፈው ከባሕሩ ጠርዝ ላይ ነው። ከባሕር ርቆ ያደገ ሰው ደግሞ ስለ አልጋውና ስለ ቁርሱ ለመጠየቅ ያውቃል እንጂ፣ ስለ ባሕሩ ምን መጠየቅ እንደሚገባው የሚነግረው የለም። እውነተኛው ርቀት ይህ ይመስለናል።

እኛም ቤተሰባችንን ይዘን በመጪው ክረምት ወደዚያ ለመሄድ ካሰብን ወዲህ፣ ማታ ማታ ራት ከተነሣ በኋላ በጠረጴዛው ዙሪያ የሚነገረው ይኸው ጉዳይ ሆኗል። ገንዘቡ ከዕቁብ የተገኘ ነው፤ እንዲህ ያለ ዕጣ ቶሎ እንደማይመለስ ሁላችንም እናውቃለን። ከልጆቻችን አንዱም እንኳ ባሕር አይቶ አያውቅም። እናታችን ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ባሕርን የሚያውቁት ከመዝሙረ ዳዊት ነው። ከእንግዲህ ወዲያ ሌላ ዓመት እንጠብቅ ብንላቸው እሺ ይሉናል፤ ጉልበታቸው ግን እሺ አይለንም።

በየሆቴሉ ማስታወቂያ የሚታየው ሥዕል አንድ ዐይነት ነው፤ ነጭ አሸዋ፣ ያዘነበለ የኮኮናት ዛፍ፣ እስከ ደጃፉ ድረስ የመጣ አረንጓዴ ውኃ። ሥዕሉ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ፎቶግራፉ የተነሣበት ሰዓት አልተጻፈበትም። በዚያ ጠረፍ የሕንድ ውቅያኖስ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፤ ሁለት ጊዜም ይጎድላል። ከሙላት እስከ ጉድለት ስድስት ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ይፈጃል፤ ሰዓቱም በየቀኑ በ50 ደቂቃ ያህል እየዘገየ ይሄዳል። ይህን ከሁሉ ይበልጥ የሚያዝዘው የጨረቃ ስበት ነው። ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበትና አዲስ በምትወለድበት ሰሞን የፀሐይ ስበት ከእርሷ ጋራ ስለሚተባበር፣ ሙላቱ ከወትሮው ከፍ፣ ጉድለቱም ከወትሮው ዝቅ ይላል። በዛንዚባር በእነዚህ ቀናት የሁለቱ ልዩነት ከ3 ሜትር ይበልጣል።

ሦስት ሜትር ብዙ አይመስልም ይሆናል። ዳሩ ግን የባሕሩ ወለል እንደ ሜዳ በተዘረጋበት ስፍራ ውኃው በቁመት ሦስት ሜትር ሲቀንስ በአግድም ብዙ መቶ ሜትር ይሸሻል። በደሴቲቱ ምሥራቃዊ ጠረፍ የሚገኙት ፓጄና ጃምቢያኒ የተባሉት መንደሮች እንዲህ ናቸው። ኮራል የሚባሉ ጥቃቅን የባሕር ፍጥረታት በብዙ ዘመን የገነቡት የድንጋይ ግንብ ከጠረፉ ርቆ በባሕር ውስጥ ተጋድሟል። ማዕበሉ በዚያ ላይ ይሰበራል፤ ከግንቡ ወዲህ ያለው ውኃ ጥልቀት የለውም። በጉድለት ጊዜ ይህ ስፍራ ርጥብ ሜዳ ይሆናል። ያን ጊዜ የመንደሩ ሴቶች ወደ ሜዳው ይወጣሉ። በእንጨት ችካልና በገመድ አሥረው የሚያሳድጉት የባሕር ሣር አላቸው፤ እርሱን ይጠብቃሉ፤ ይሰበስባሉ፤ አድርቀውም ለነጋዴ ይሸጣሉ። ከዚህ ሣር የሚወጣው ማጥበቂያ በውጭ አገር ለምግብና ለጥርስ ሳሙና መሥሪያ ይገባል። ለእንግዳው ባሕሩ የጠፋበት ሰዓት፣ ለእነዚህ ሴቶች የሥራ ሰዓት ነው።

ይህን ለእናታችን ባስረዳናቸው ጊዜ፣ «እንግዲያውስ በዚህ ጉልበቴ ባሕሩን እየተከተልሁ ልሄድ ነው?» ሲሉ ጠየቁን። የትኛውን ጠረፍ እንምረጥ የሚለው ክርክር በዚሁ ጥያቄ ተቈረጠ። በደሴቲቱ ሰሜናዊ ጫፍ ያሉት ኑንግዊና ኬንድዋ ወለላቸው ቶሎ ስለሚጠልቅ፣ በጉድለት ጊዜም ውኃው ብዙ አይርቅም፤ ቀኑን ሙሉ ለመታጠብ ይቻላል። እርግጥ ነው፣ በዚያ ሆቴሉ የተጠጋጋ፣ የሌሊቱም ዘፈን የበዛ ነው። ጸጥታን የሚወድና ባሕሩን እስኪመለስ ለመጠበቅ ትዕግሥት ያለው ሰው ምሥራቁን ቢመርጥ አንነቅፈውም። ሽማግሌና ሕፃን ይዞ የሚሄድ ግን ከዋጋው በፊት፣ «በጉድለት ሰዓት ውኃው ከደጃፋችሁ ምን ያህል ይርቃል?» ብሎ ለሆቴሉ ይጻፍ። ቀጥተኛ መልስ የማይሰጥ ሆቴል በዚያው መልስ ሰጥቷል።

ወራቱን ለመምረጥ ደግሞ ነፋሱን ማወቅ ያስፈልጋል። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ካስካዚ የተባለው ነፋስ ከሰሜን ምሥራቅ ይነፍሳል፤ ጊዜው ሞቃትና ደረቅ ነው። ከግንቦት እስከ መስከረም ኩሲ የተባለው ከደቡብ ይነፍሳል፤ ቀዝቀዝ ያለ ወራት ነው። የቀድሞ ባለ ሸራ መርከበኞች በካስካዚ ከዓረብና ከሕንድ ወርደው፣ በኩሲ ይመለሱ ነበር። በሁለቱ ነፋሳት መካከል ዝናብ አለ። ማሲካ የሚባለው ትልቁ ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ይወርዳል፤ ቩሊ የተባለው ትንሹ በኅዳርና በታኅሣሥ መባቻ ገደማ ነው። እንግዲህ የትንሣኤን በዓል በደሴት እናሳልፋለን የሚሉ ወገኖቻችን በትልቁ ዝናብ መካከል እንደሚገቡ ይወቁት። ያን ጊዜ ዋጋው የሚረክሰው፣ አንዳንዱም ሆቴል የሚዘጋው ያለ ምክንያት አይደለም። በገና ሰሞን አየሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን አውሮፓውያን ከበረዶ ሸሽተው ስለሚመጡ አልጋው ይወደዳል።

የእኛ ክረምት ለዚያ በጋ ነው። አዲስ አበባ በጭቃና በደመና በተያዘችበት በሐምሌና በነሐሴ፣ በዛንዚባር ፀሐይ ትወጣለች፤ ልጆቻችንም ከትምህርት ያርፋሉ። የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ በጀቱ ሰኔ 30 ቀን ተዘግቶ ሂሳቡ ሳይጠራ የዓመት ፈቃድ መጠየቅ ከአለቃ ጋር መጣላት ነው። ስለዚህ እኛ ከፍልሰታ ጾም በኋላ ያለውን ጊዜ፣ ማለት ከነሐሴ 16 እስከ ጳጉሜን ያለውን መርጠናል። አውሮፓውያኑ በዚያ ሰሞን ወደየትምህርት ቤታቸው መመለስ ስለሚጀምሩ አልጋ ማግኘት ይቀላል። ቀኑን ለሆቴሉ ስንጽፍ ግን በፈረንጅ አቈጣጠር ለውጠን፣ የወሩንም ስም በፊደል ጽፈን መላክ አለብን። «8» ብሎ መጻፍ ብቻ ለእኛ ሚያዝያ፣ ለእነርሱ ኦገስት ነውና።

በሰዓት ረገድ የሚያስደስት ነገር አለ። የስዋሂሊ ተናጋሪ ሕዝብ ሰዓቱን የሚቈጥረው እንደ እኛው ከንጋት ጀምሮ ነው። «ሳአ ሞጃ አሱቡሂ» ሲሉ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ማለታቸው ነው፤ ፈረንጅ 7 የሚለው ማለት ነው። ስለዚህ ጀልባ ነጂ በሳአ ታቱ እንገናኝ ሲል፣ እንግሊዛዊው ቱሪስት ይደናገራል፤ ከኢትዮጵያ የሄደ ሰው ግን በ3 ሰዓት ከስፍራው ይገኛል። የአይሮፕላኑ ቲኬትና የሆቴሉ ራት ግን በፈረንጅ ሰዓት ነው። ቃላቱም ቢሆኑ ዘመዳሞች አሏቸው። ባሕር «ባሃሪ»፣ ደም «ዳሙ»፣ ስኳር «ሱካሪ»፣ ሰባት «ሳባ» ነው። አማርኛን በመማር ላይ ያላችሁ አንባቢያን ይህን ስታዩ ድካማችሁ በሁለት ቋንቋ ፍሬ እንዳፈራ ትረዳላችሁ። አንዱን ቃል ግን እንጠንቀቅ። በእኛ እልፍ ማለት 10,000 ነው፤ በስዋሂሊ «ኤልፉ» 1,000 ነው። ነጋዴው «ኤልፉ ታኖ» ሲል 5,000 የታንዛንያ ሽልንግ መጠየቁ ነውና፣ በእኛ እልፍ አስበን እንዳንደነግጥ።

ስለ ወረቀቱ ጉዳይ ባጭሩ እንናገር። ዛንዚባር የታንዛንያ አካል ስለ ሆነች የመግቢያውን ፈቃድ የሚሰጠው የታንዛንያ መንግሥት ነው፤ የአይሮፕላን ዋጋ ከመክፈል በፊት ይህን መጨረስ ብልኅነት ነው። ፓስፖርቱ ቢያንስ የስድስት ወር ዕድሜ የቀረው መሆን አለበት። ከኢትዮጵያ የሚሄድ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ማስረጃ ይጠየቃል፤ ክትባቱም ከጉዞው 10 ቀን በፊት መወሰድ አለበት። ከመስከረም 21 ቀን 2017 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ወደ ዛንዚባር የሚገባ የውጭ አገር እንግዳ ከዚያው መንግሥት የመድን ድርጅት መድን እንዲገዛ ታዟል፤ ዋጋው ሲታወጅ ለአንድ አዋቂ 44 የአሜሪካ ዶላር ነበር። ቤተሰብ ሲበዛ ይህ ትንሽ ገንዘብ አይደለም። ታንዛንያ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፌስታል ወደ አገሯ እንዳይገባ ከልክላለችና፣ ሻንጣ ስናሰናዳ ጫማውን በጨርቅ መጠቅለል ይሻላል።

ብዙ ሰው ከአይሮፕላን ወርዶ በቀጥታ ወደ አሸዋው ይሮጣል። እኛ ግን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሌሊቶች በአሮጌው ከተማ፣ በስቶን ታውን ለማደር ቈርጠናል። ከተማው በ2000 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። መንገዶቹ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፉ ጠባብ ናቸው፤ በሮቹም የተቀረጹና በናስ ጕጥ ያጌጡ ናቸው። ዋናውን አደባባይ ያስጌጥ የነበረውና በ1883 እ.ኤ.አ. የተሠራው «የድንቆች ቤት» ከፊሉ በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ፈርሷል። ከሁሉ ይልቅ ልጆቻችንን ልናሳያቸው የምንሻው የባሪያ ገበያው የነበረበትን ስፍራ ነው። ከአህጉሩ ውስጠኛ ክፍል እየተነዱ የመጡ ሰዎች በዚያ ይሸጡ ነበር። ሱልጣን ባርጋሽ በእንግሊዞች ግፊት ገበያውን በ1873 እ.ኤ.አ. ዘጋው፤ በስፍራውም ቤተ ክርስቲያን ተሠራ። ልጆች በዕረፍት ቀናቸው እንዲህ ያለ ነገር ማየት አይገባቸውም የሚሉ ወዳጆች አሉን። እኛ አንስማማም። ያንን ያላየ ሰው ደሴቲቱ በቅርንፉዷ ብቻ የከበረች ይመስለዋል፤ በቅርንፉዱ እርሻ ላይ የደከሙት እነዚያው የተሸጡት ሰዎች ነበሩ።

የከተማው ሕዝብ ከሞላ ጎደል ሙስሊም ስለ ሆነ፣ በመንገድ ላይ ትከሻንና ጉልበትን ሸፍኖ መሄድ ጨዋነት ነው፤ ለባሕር የተሰፋው ልብስ ለባሕር ይቆይ። ለዚህ ነጠላ የሚስተካከለው ልብስ የለም። ማታ ማታ ቡና ነጋዴዎች በናስ ማንቈርቈሪያ ጥቁር ቡና በትንንሽ ሲኒ ይሸጣሉ፤ እናታችን ይህን ሲሰሙ ለጊዜው ጉልበታቸውን ረስተው ነበር። ምግቡ ሩዝ፣ ዓሣና ቅመም ነው። ወጡ አብዛኛውን ጊዜ በቅቤ ፋንታ በኮኮናት ወተት ስለሚሠራ፣ ረቡዕና ዓርብን የሚጾም ሰው ባቄላውንና አትክልቱን በዚሁ ወተት አሠርቶ ያለ ችግር ይበላል።

አሁን የቀረን ትልቁ ሥራ ልጆቹ ናቸው። የባሕር ውኃ ጨው ስላለው ከሐይቅ ውኃ ይልቅ ሰውን ያንሳፍፋል ይባላል፤ እውነት ነው። ነገር ግን በሙላትና በጉድለት መካከል የሚጓዘው ውኃ ኃይል አለው፤ ዋና የማያውቅን ልጅ ጨው አያድነውም። በድንጋዩ መካከል ደግሞ እንደ ጃርት እሾህ የለበሰ የባሕር ፍጥረት አለ፤ በባዶ እግር ቢረግጡት እሾሁ ተሰብሮ ይቀራልና፣ ለእያንዳንዳቸው በውኃ ውስጥ የሚለበስ የጎማ ጫማ ገዝተናል። የነሐሴውን ጨረቃ ከቀን መቍጠሪያ አውጥተን፣ ባሕሩ የሚሞላበትንም ሰዓት ከሰንጠረዡ ቀድተን በግድግዳው ላይ ለጥፈነዋል። በየቅዳሜው ጠዋት በከተማችን ካሉት መዋኛዎች ወደ አንዱ እንወስዳቸዋለን። ትልቋ ልጅ አሁን የመዋኛውን ወርድ ታቋርጣለች፤ መካከለኛው ራሱን ከውኃው ሥር አድርጎ እስከ አሥር ይቈጥራል። ታናሹ ግን እስከ ባለፈው ቅዳሜ ድረስ ከመዋኛው ጠርዝ እጁን አልለቀቀም።