«ተሠርቷል» ብሎ መፈረም

ጀሞ ኮንዶሚኒየም ላደግን ልጆች ዐረብ አገር ዘመድ ያለው ጎረቤት ብርቅ አይደለም። የእኛም ታላቅ ወንድም ዶሃ በአንድ ባለ አምስት ኮከብ ሆቴል የጥገና አስተባባሪ ነው። ምህንድስና የሚማሩ ጓደኞቻችን «ስልክ አንሺ ማለት ነው?» እያሉ ሲስቁ ሥራውን በዝርዝር ጠየቅነው።

«ኤሲው አይሠራም» ተብሎ ሲደወል ትዕዛዙን ይመዘግባል፤ የትኛው እንደሚቀድም ይወስናል፤ ቴክኒሻን ይልካል፤ በመጨረሻ «ተሠርቷል» ብሎ ይዘጋል። ከባዱ መዝጋቱ ነው። እንግዳ ያላረፈበት ክፍል ቧንቧው ቢያንስ በየሳምንቱ ተከፍቶ መፍሰስ አለበት። ቆሞ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ሌጂዮኔላ የሚባል ባክቴሪያ ይራባል፤ ከሻወር በሚረጨው ጠብታ ሳንባ ይገባል፤ ሊገድልም ይችላል። ባዶ ክፍል ውስጥ ቧንቧው መከፈቱን ግን ከአላህ በቀር ማን ያያል?

ወር ሲያልቅ ያልተዘጋ ትዕዛዝ ይከማቻል፤ «ዝም ብለህ ዝጋው» የሚል አለቃም አለ። ወንድማችን ወጥቶ ሳያይ አይፈርምም። በዚህ ሰበብ «ሥራ ያዘገያል» ተብሎ ሁለት ጊዜ ማስጠንቀቂያ ተጽፎበታል።

ኳታር ከመጋቢት 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዝቅተኛውን መነሻ ደመወዝ በወር 1,000 ሪያል አድርጋለች፤ አሠሪው መኖሪያና ምግብ ካላቀረበ 500 እና 300 ይጨምራል። የእሱ ከዚያ ይሻላል፤ የጀሞውን ቤት የባንክ ዕዳ የሚከፍለውም እሱ ነው። ስለዚህ እናታችን «ልጄ፣ እንጀራህን እንዳታጣ» ትለዋለች። እኛ «አማና ነው፣ እንዳትፈርም» እንላለን። ዕዳውን የምንከፍለው እኛ ስላልሆንን ለመናገር ይቀለናል።