በቴምዝ ዳርቻ ጠርሙስ ፍለጋ

ለንደን፣ ሮዘርሃይዝ። ቴምዝ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፤ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። በመሃል ከተማው በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው ልዩነት እስከ 7 ሜትር ይደርሳል። ስለዚህ አሮጌ ጠርሙስ ፈላጊ ቀጠሮውን የሚይዘው ከወንዙ ጋር ነው። እኛም ውሃው እስኪሸሽ ጠብቀን ከአስጎብኚያችን ኋላ አሮጌውን የድንጋይ ደረጃ ወረድን። ደረጃው ያንሸራትታል። ወንዙ ፍሳሽ ስለሚቀላቀልበት ጭቃው በባዶ እጅ አይነካም፤ ጓንትና ቦቲ ጫማ የግድ ነው።

«ጋሼ፣ ከአዲስ አበባ ድረስ የመጣኸው ለዚህ ጭቃ ነው?» አለኝ እዚያው ከተማ የሚኖረው የእህቴ ልጅ።

«ጭቃው ላቆየው ነገር ነው የመጣሁት» አልኩት።

ጭቃው ያላቆየው ነገር የለም። የሸክላ ፒፓ ስብርባሪ፣ የመርከብ ሚስማር፣ አጥንትና የባሕር ዛጎል በየእርምጃው ይታያል። ሮዘርሃይዝ መርከብ የሚፈርስበት ሰፈር ነበር። በሠዓሊው ተርነር ሥራ የምትታወቀው የጦር መርከብ ቴሜሬር እ.ኤ.አ. በ1838 ተጎትታ መጥታ የፈረሰችው እዚሁ ነው። መርከብ ባለበት መርከበኛ፣ መርከበኛ ባለበት መጠጥ ቤት፣ መጠጥ ቤት ባለበትም ጠርሙስ አለ።

አስጎብኚያችን ጎንበስ ብሎ ጥቁር የሚመስል የጠርሙስ አንገት አሳየን። ፀሐይ ላይ ሲያዞረው ጥቁረቱ ወደ ወይራ አረንጓዴ ተለወጠ። የዚህ ወፍራም ጠርሙስ ታሪክ ከደን ይጀምራል። ንጉሥ ቀዳማዊ ጄምስ እ.ኤ.አ. በ1615 መስታወት ሠሪዎች እንጨት እንዳያነዱ ከለከለ፤ እንጨቱ ለመርከብ ይፈለግ ነበርና። ሠሪዎቹ ፊታቸውን ወደ ድንጋይ ከሰል አዞሩ። የከሰሉ እሳት ደግሞ ይበልጥ የጋለ ስለነበር ጠንካራና ጥቁር ጠርሙስ ለመሥራት አመቸ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የተለመደው የወይን ጠርሙስ ሆዱ የተነፋ፣ አንገቱ ያጠረ ብርሌ ይመስላል።

እኛ ራሳችን ማንሳት ግን አልቻልንም። በቴምዝ ዳርቻ ዕቃ የሚፈልግ ሰው ከለንደን ወደብ ባለሥልጣን ፈቃድ ማውጣት አለበት፤ ከ300 ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነገር ያገኘም ለሙዚየም ባለሙያ ያስመዘግባል። አንገቱ የት ጋ፣ በየትኛው ደረጃ ሥር እንደተገኘ ሲጻፍ አየሁ። ሕጉን ወደድኩት። ያ ስብርባሪ ከዚያ ሰፈርና ከነዚያ መርከበኞች ጋር ያለው ዝምድና ሳይበጠስ የሚቆየው በዚያች ጽሑፍ ነው።

ይህ ዳርቻ ሁልጊዜ የታሪክ ወዳጆች መዋያ አልነበረም። ጋዜጠኛው ሄንሪ ሜይሂው እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ ስለ ለንደን ድሆች ባሳተመው ሥራ፣ እዚህ ጭቃ ውስጥ በባዶ እግራቸው ከሰል፣ ገመድ፣ አጥንትና የመዳብ ሚስማር እየለቀሙ ስለሚያድሩ ሕፃናትና አሮጊቶች ጽፏል። ሳነበው በየሰፈራችን ጠርሙስና ቆርቆሮ እየተጣራ የሚዞረው ቆራሌው ትዝ አለኝ። የትም አገር የጣልነውን ዕቃ መጀመሪያ የሚያነሳው ለዕለት ጉርሱ የሚደክም ሰው ነው፤ ሰብሳቢው የሚመጣው ከእሱ በኋላ ነው።

ዓርብ፣ በርመንድሲ። ከሮዘርሃይዝ የማይርቀው ይህ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ሲነጋጋ ይቆማል። ቀድሞ በዚህ ገበያ ፀሐይ ከወጣች በኋላ እስክትጠልቅ ባለው ጊዜ የተገዛ ዕቃ የተሰረቀ ሆኖ ቢገኝ እንኳ በቅን ልቦና ለገዛው ይጸናለት ነበር። ያ የቆየ ሕግ የተሻረው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነው። ጥሩ ዕቃ የሚያገኘው ግን ሁልጊዜም በማለዳ የመጣ ሰው ነው።

ጠረጴዛዎቹ ላይ የተደረደሩትን ጠርሙሶች አንድ በአንድ አነሳሁ። ጠርሙስ ሲገዛ ጣት ከዓይን እኩል ይሠራል። መጀመሪያ ታችኛው ክፍል ይዳሰሳል፤ ሠሪው አፉን ሲያበጅ የያዘበት የብረት ዘንግ የተወው ሻካራ ጠባሳ ካለ፣ ጠርሙሱ በአብዛኛው ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በፊት የተሠራ ነው። ቀጥሎ የቅርጽ ማውጫው ግማሾች የገጠሙበት መስመር ይታያል። መስመሩ አንገቱ ላይ ከጠፋ አፉ በእጅ ተበጅቷል፤ እስከ ከንፈሩ ጫፍ ከወጣ ግን በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከተስፋፋው የማሽን ሥራ ነው። ደማቅ ሰማያዊና ጎኑ የተሸነተረ ከሆነ ምናልባት የመርዝ ጠርሙስ ነው፤ በጨለማ የዳበሰው ሰው በመድኃኒት እንዳያሳስተው ተብሎ የተበጀ።

ከሁሉ ልቤን የወሰደው የኮድ ጠርሙስ ነው። እንግሊዛዊው ሃይረም ኮድ እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ መጀመሪያ ያስመዘገበው ይህ ብልሃት ቡሽ የለውም። አንገቱ ውስጥ የብርጭቆ ብይ አለ፤ የለስላሳው ጋዝ ብዩን ወደ ላይ ገፍቶ ከላስቲኩ ቀለበት ጋር ያጣብቀዋል። ጠጪው ብዩን ወደ ታች ገፋ ሲያደርገው ይከፈታል። ያለ ስብራት የተገኘው የሚወደደው ልጆች ብዩን ለማውጣት ብዙውን ስለሰባበሩት ነው። በጃፓንና በህንድ ዛሬም በእንዲህ ያለ ጠርሙስ ለስላሳ ይሸጣል።

ሁለት የኮድ ጠርሙሶች ነበሩ። አንዱ ያብለጨልጫል፤ ከየት እንደመጣ ግን ሻጩ አያውቅም። ሌላው ከንፈሩ ትንሽ ተሸርፏል፤ አንገቱ ላይ በታሰረች ወረቀት የተገኘበት የቆሻሻ መጣያ ሥፍራና ዓመት ተጽፏል። የተሸረፈውን ገዛሁ። የመስታወት ቀረጥ እ.ኤ.አ. በ1845 ከተነሳ በኋላ ጠርሙስ ረክሶ በየመጣያው ተከምሯል፤ ስለዚህ አሮጌ ጠርሙስ ብርቅ አይደለም። ብርቁ ማን እንደጠጣበት፣ የት እንደወደቀ የሚናገር ጠርሙስ ነው።

ለንደን የምትሄዱ፣ ያለ ፈቃድ ከዳርቻው ምንም አታንሱ። አገር ቤት ያላችሁ ደግሞ ቁም ሳጥናችሁን ክፈቱ። የአያት ብርሌ፣ የድሮ ሽቶ ጠርሙስ፣ ጠበል የመጣበት ዕቃ አይጠፋም። እናቶቻችን በሕይወት ሳሉ ጠይቋቸው፤ ዕቃው በቆራሌው በኩል ምናለሽ ተራ ከደረሰ በኋላ የሚጠየቅ ሰው የለም። የማን እንደነበረ፣ ከየት እንደተገዛና በስንት ዓመተ ምሕረት እንደሆነ ዛሬውኑ ጽፋችሁ አንገቱ ላይ እሰሩ።