ሀለኮና የእናታችን ኪኒን

እኛ አርባ ምንጭ ያደግን ልጆች ያለ ሀለኮ (ሌላው አገር ሽፈራው የሚለው) መዋል አንችልም። እናታችን ደግሞ ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ ስላላት ዋርፋሪን ትወስዳለች።

ዋርፋሪን የረጋ ደም አያሟሟም፤ አዲስ እንዳይረጋ ነው የሚከላከለው። ደም ለመርጋት የሚያስፈልገውን የቫይታሚን ኬ ሥራ ያግዳል። ከልክ ሲያልፍ ደም ይፈሳል፤ ያኔ ሐኪም ማርከሻ አድርጎ የሚሰጠው ያንኑ ቫይታሚን ኬ ነው። እሱ ደግሞ ሀለኮን በመሳሰሉ አረንጓዴ ቅጠሎች ውስጥ አለ። አንድ ሳምንት በየቀኑ፣ በሌላው ጭራሽ ከተተወ የመድኃኒቱ ልክ ይዛባል።

ጎረቤት «ቅጠል ከልክሏት» ቢለንም (ሐኪሟ እንኳ እንዲህ አላለም!) መጠኑን ሳንለዋውጥ እንሰጣታለን። ረመዳን ሲቃረብ ደሟን አስመርምረን፣ መጾም መቻሏንና ኪኒኑን ከኢፍጣር በኋላ መዋጧን ሐኪሟን እንጠይቃለን። ድዷ ካላቋረጠ ቢደማ ወይም ሰገራዋ ቢጠቁር ግን ማግሪብንም አንጠብቅም፤ ባጃጅ ጠርተን ሆስፒታል ነው።