አንድ ዓይን ያለው ጠላት

ወረታ ተወልዶ ያደገ፣ ዛሬ እንግሊዝ አገር አውቶቡስ የሚነዳ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ አለ። አርባዎቹን አጋምሷል፤ የሁለት ልጆች አባት ነው። ታዲያ ይህ ጎልማሳ ማታ ልጆቹ ሲተኙለት ምን እንደሚሠራ ታውቃላችሁ? የናፖሊዮንን ፈረሰኞች ቀለም ይቀባል! ፈረሰኛ ስላችሁ ሌላ እንዳይመስላችሁ፤ ሰውየው ከፈረሱ ወርዶ ቢቆም ቁመቱ 28 ሚሊሜትር ቢሆን ነው።

ሥራው ቀልድ አይደለም። መጀመሪያ መደብ ይቀባል። ከዚያ ጥላው፣ ከዚያ ብርሃኑ፣ መጨረሻ ላይ ጥቂት ፀጉር ባላት ብሩሽ ቁልፎቹ ይነጠባሉ። የሬጅመንቱ መለያ ነውና አንገትጌው ቀይ ይሁን ቢጫ ለማወቅ መጽሐፍ ሲያገላብጥ ይከርማል። የፈረንሳዮቹ መለከት ነፊ ነጭ ፈረስ ላይ ካልተቀመጠ ደግሞ የሚያውቁት ይታዘቡታል። ሁሉም ካለቀ በኋላ ከጓደኞቹ ጋር ጠረጴዛ ከበው፣ ማስመሪያና ዛር ይዘው ዋተርሎን እንደገና ይዋጋሉ።

ይህንን ያጫወትኩት አንድ ወዳጄ «ፈረንጅ አገር ሰው ያሳብዳል» ብሎ ደመደመ። እኔ ግን አልገረመኝም። የፎገራ ልጆች ነና! ሩዝ ሜዳውን ሳይወርሰው በፊት ፎገራ የከብት አገር ነበር፤ በስሙ የሚጠራ የከብት ዘር ያለው ሜዳ ነው። ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሲፈሱ ዋልካው ይቦካል፤ አሻንጉሊት መግዣ ገንዘብ የሌለው እረኛ ሁሉ ቀራጺ ይሆናል። እኛም ጥጃ እየጠበቅን በሬ እናበጅ ነበር፤ ቀንዱ እሾህ ነው። ፈረስ ግን ያስቸግራል፤ እግሩ ይሰበራል፣ ሰው ሲጫንበት ወገቡ ይጎብጣል። በሬዎቹን ፊት ለፊት አቁመን እናዋጋለን። ጓደኛ የጠፋ ቀን ሁለቱንም በሬ አንዱ ልጅ ይሠራቸዋል። ያኔ የገባኝ ነገር ቢኖር፣ ተቃራኒው በሬ ደህና ካልተሠራ ጨዋታው እንደማይጥም ነው።

በነገራችን ላይ ፈረሰኛ ፍለጋ ዋተርሎ መሄድም አያስፈልግም ነበር። ዋተርሎ የተዋጉት እ.ኤ.አ. በ1815 ነው። ያን ጊዜ ከወረታ ወደ ምሥራቅ በሚገነጠለው መንገድ ጫፍ፣ ደብረ ታቦር ላይ፣ በፈረሰኛ ብዛት የታወቁት የየጁው ራስ ጉግሣ ነበሩ። ናፖሊዮን ማሬንጎ የሚባል ፈረስ ነበረው፤ አጥንቱ ተገጣጥሞ ለንደን ሙዚየም ቆሟል። እኛ ዘንድ የፈረሱ ስም ከጌታው ጋር ይኖራል። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ ሲባሉ የሚጠሩት በፈረሳቸው ነው። እነዚህን ፈረሶች በጣት ቁመት ሠርቶ የሚሸጥልን ግን እስካሁን አላየሁም።

የጦርነት ሥዕል ግን አለን፤ ዓድዋ። ቅዱስ ጊዮርጊስ ከላይ በነጭ ፈረሱ፣ የእኛ ሰዎች በአንድ ወገን፣ ጣሊያኖች በሌላው። ልብ ብላችሁ እዩት፤ በብዙዎቹ ሥዕሎች የእኛ ሰው ሙሉ ፊቱን ሰጥቶ በሁለት ዓይኑ ያያችኋል። ጣሊያኑ በጎን ነው የሚሣለው፤ አንድ ዓይን ብቻ አለው። ከቤተ ክርስቲያን ሥዕል የተወረሰ ሕግ ነው፤ ጻድቅ በሙሉ ፊቱ፣ ሰይጣንና ክፉ ሰው በጎኑ። ለዓድዋ ቅር አይለኝም። ባሕር ተሻግሮ የመጣ ወራሪ ነውና አንድ ዓይንም አይነሰው!

ተማሪዬን «አንተ የማን ወገን ነህ?» ብዬ ጠየቅሁት። «ጋሼ፣ ሁለቱንም እቀባለሁ። አንዱን አበላሽቼ ከማን ጋር ልጫወት ነው?» አለኝ።

አሻንጉሊት ሰላም ያመጣል ልል አይደለም። የፕረሽያ ጦር እ.ኤ.አ. በ1824 የጠረጴዛ ላይ ጦርነትን የተቀበለው መኮንኖቹን ለእውነተኛው ሊያሠለጥንበት ነው። ኤች. ጂ. ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1913 የአሻንጉሊት ጦርነት ደንብ ጽፎ፣ ትልቁ ጦርነት ከዚህ ጋር ሲተያይ ምን ያህል ሞኝነት እንደሆነ ሊያሳይ ሞክሯል፤ በዓመቱ አንደኛው የዓለም ጦርነት ፈነዳ። ጥቃቅን ወታደሮችም ቢሆኑ ከጠብ አያድኑም። እ.ኤ.አ. በ1838 ዊልያም ሳይቦርን የተባለ እንግሊዛዊ መኮንን ከ70 ሺ በላይ ሰው ያለበት የዋተርሎ ሞዴል ለንደን ላይ ቢያሳይ፣ «ፕረሽያኖቹን እዚያ ምን አቆማቸው? ድሉን ልታካፍላቸው ነው ወይ?» የሚል ጭቅጭቅ ውስጥ ገባ፤ በኋላ ቦታቸውን ለመቀየር ተገዷል።

የሚያሳስበኝ የራሳችን ነገር ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን ጦርነት ከተቀሰቀሰ ወዲህ፣ አንዱ ሌላውን ሲያወራ ስሰማ የማየው ያንን ሥዕል ነው፤ ሁሉም ባላንጣውን በጎን ይሥላል። ልዩነቱ፣ የዛሬው ባለ አንድ ዓይን የአክስታችን ልጅ መሆኑ ነው። የተኳሹም የተተኮሰበትም እናት በአንድ ቋንቋ ታለቅሳለች፤ ለቅሶ ደራሹም አንድ ነው። ባለፈው ክረምት ወረታ አካባቢ ልጆች ጭቃ ሲያቦኩ ቆሜ አየሁ። ከበሬው ይልቅ ጠመንጃው ይበዛል። ጠመንጃው ደግሞ ከበሬው ይልቅ አምሮ ተሠርቷል፤ ብዙ ጊዜ ያዩትን ነዋ! «ተኩሱ በማን ላይ ነው?» ብላቸው እርስ በርስ ተያዩና ዝም አሉ።

እዚያው ደብረ ታቦር ላይ በ1834 ዓ.ም. ራስ ዓሊና ደጃዝማች ውቤ ተዋግተው ነበር። ውቤ አሸነፉ፣ ዓሊ ሸሹ። ከዚያ አሸናፊው ድላቸውን ሲያከብሩ በተሸናፊው ወገን እጅ ተያዙ። ያንን ቀን የሚሥል ሰው ማንን በሙሉ ፊት፣ ማንን በጎን ያደርግ ይሆን? የዛሬውን የሚሥል ሠዓሊም አንድ ቀን መምጣቱ አይቀርም። ለሁሉም ሁለት ሁለት ዓይን ቢሰጣቸው ደስ ይለኛል።