መብራቷን የምትከድነው ዓሣ

በቀይ ባሕር ኮራሎች መካከል ስለሚኖር አንድ ዓሣ ላጫውታችሁ። ፈረንጆች «የእጅ ባትሪ ዓሣ» ይሉታል፤ ርዝመቱ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ቀን በዋሻ ተሸሽጎ ይውልና ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት ይወጣል። ከዓይኖቹ ሥር የሚያበራ ከረጢት አለው። ብርሃኑ የራሱ እንዳይመስላችሁ! የሚያበሩት ከረጢቱ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው። እነርሱ ማብራት ስለማያቆሙ፣ ዓሣው መሰወር ሲፈልግ የዓይን ቆብ የመሰለ ጥቁር መጋረጃ ከሥር ወደ ላይ ስቦ ይከድናቸዋል። በብርሃኑ ምግቡን ያያል፤ ጠላት ሲያባርረው ደግሞ አብርቶ ይዋኝና ድንገት ከድኖ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይታጠፋል።

እኔን የገረመችኝ ግን ሴቷ ናት። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በአቃባ ባሕረ ሰላጤ የጠለቁ ተመራማሪዎች እንዳዩት፣ ጥንዶቹ ክልላቸውን አብረው ይጠብቃሉ። ሌላ ዓሣ ሲገባባቸው ሴቷ መብራቷን ከድና በጨለማ ትጠጋውና አጠገቡ ስትደርስ ድንገት ታበራበታለች።

ይህን ሳነብ መጀመሪያ ሳቅሁ። ከዚያ ሳቄ ቆመ። እኔም ባለቤቴ ከአገልግሎት አምሽቶ ሲመጣ ፊቴን ከድኜ፣ «ምንም አልሆንሁም» እያልሁ ቆይቼ፣ ልክ ጋደም ሲል የሳምንቱን ቅሬታ ሁሉ እዘረግፍበት ነበር። አንድ ሌሊት እንዲሁ ሳደርግበት ጫማውን ሳያወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ዝም አለ። የመጣው ሕፃን ከሞተበት ቤት ኖሯል። አልጠየቅሁትማ!

ዓሣዋ እኮ ይህን የምታደርገው በእንግዳ ላይ ነው፤ በባሏ ላይ አይደለም።

ዛሬም ያመሻል። የበረንዳውን መብራት አብርቼለታለሁ፤ ሲገባ መጀመሪያ የምጠይቀው ውሎው እንዴት እንደነበረ ነው።