ለፍሊት ደግሞ ፈቃድ?

ሰው የለመደውን ነገር ሁሉ የሚያውቀው ይመስለዋል። በየማለዳው የሚጠጣው ውሃ ከየት እንደሚመጣ፣ በየማታው የሚያበራው መብራት በምን እንደሚበራ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ልማድ ዕውቀትን መስሎ በልብ ውስጥ ስለሚቀመጥ፣ አንድ ቀን ጠያቂ መጥቶ «ይህን በማን ፈቃድ ታደርጋለህ?» ባለው ጊዜ ሰው አስቀድሞ ይሥቃል፤ ቀጥሎ ይቈጣል፤ በመጨረሻም ዕድል ከቀናው ያፍራል። እኛም በተራችን ሥቀን፣ ተቈጥተን፣ አፍረናል። ይህንንም የምንጽፈው ኀፍረታችን ለሌላው ትምህርት ይሆን እንደ ሆነ ብለን ነው።

እኛ በአሜሪካ አገር፣ በቨርጂኒያ ግዛት ሰሜናዊ ክፍል፣ በአንድ የሕዝብ ትምህርት ቤት የማታ ጽዳት ሠራተኞች ነን። በቍጥር ሦስት ስንሆን ሦስታችንም ኢትዮጵያውያን ነን። አንዳችን በአገሩ ሳለ የሳይንስ መምህር ነበረ፤ ሁለተኛው በአንድ ወረዳ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ይሠራ ነበር። ሦስተኛው፣ በዕድሜ የሚበልጡንና «ጋሼ» እያልን የምንጠራቸው፣ በወጣትነታቸው የወባ ማጥፊያ ሠራተኛ ሆነው ፓምፕ በትከሻቸው አንግተው በአዋሽ ሸለቆ ከቤት ወደ ቤት ሲረጩ የኖሩ ሰው ናቸው። ይህን ጽሑፍ የምንጽፈው እኛ ሁለታችን ነን፤ ጋሼ ግን የሚነበበውን ሁሉ ሰምተው «ይጻፍ» ብለው ፈቅደውልናል።

ነገሩ የተጀመረው በአንድ የመስከረም ማታ ነው። የሕፃናት ክፍል መምህርት በጠረጴዛዋ ላይ «በክፍሌ ውስጥ በረሮ አየሁ፤ እባካችሁ እርዱኝ» የሚል ወረቀት ትታልን ሄዳ ነበር። እኛም ልናስደስታት ስለ ፈለግን፣ ከመካከላችን አንዱ ከሱቅ የገዛውን ፍሊት ከመኪናው አመጣ። ከእጅ መታጠቢያው ሥር፣ ከመጻሕፍት መደርደሪያው ኋላ፣ ሕፃናቱ እግራቸውን አጣጥፈው በሚቀመጡበት ምንጣፍ ላይ ሳይቀር ጣሳው እስኪያልቅ ነፋንበት። መስኮቱንም «መድኃኒቱ በደንብ ይሥራ» ብለን ዘጋነው። ሥራችንን አሳምረን ወደ ቤታችን የሄድን መስሎን ነበር።

በማግስቱ ጧት አስም ያለበት አንድ ትንሽ ልጅ በዚያ ክፍል ውስጥ ሳል ጀመረው። ሳሉ ስላልቆመለት ወደ ትምህርት ቤቱ ነርስ ተወሰደ፤ እናቱም ከሥራዋ ተጠርታ መጣች። ልጁ በሁለተኛው ቀን ድኖ ተመለሰ። ያመመው ፍሊቱ ይሁን ወይም ሌላ ነገር ቈርጦ የነገረን ሐኪም የለም። ነገር ግን የክፍሉ ሽታ በር ሲከፈት ከመተላለፊያው ድረስ ይሰማ ነበርና፣ ማን ምን እንዳደረገ ለመጠየቅ ብዙ ምርመራ አላስፈለገም።

የሕንጻው ኀላፊ ሦስታችንንም አስጠራን። አልጮኸብንም፤ ባዶውን ጣሳ ጠረጴዛው ላይ አቁሞ «ጀርባውን አንብባችሁታል?» ብቻ አለን። አላነበብንም። ከዚያም የግዛቱን ሕግ አስረዳን። ማንም ሰው በገዛ ቤቱ ከሱቅ የገዛውን ሊረጭ ይችላል። በትምህርት ቤት፣ በሕክምና ስፍራና በሕፃናት ማቆያ፣ ሕዝብ በሚገባበት ክፍል፣ እንዲሁም ያልተሸፈነ ምግብ በሚቀመጥበትና በሚዘጋጅበት ቦታ ግን፣ በጠቅላላው ሲታይ፣ የምስክር ወረቀት የሌለው ሠራተኛ ፀረ ተባይ ሊረጭ አይፈቀድለትም። ሠራተኛው ለገዛ መሥሪያ ቤቱ ብቻ እንጂ ለሌላ በዋጋ የማይሠራ ቢሆንም እንኳ ሕጉ ይይዘዋል። ስለዚህ ሁለት መንገድ ቀረበልን፤ ወይ ዳግመኛ እንዳንነካው፣ ወይ ተምረንና ተፈትነን ፈቃድ እንድናወጣ።

ከቢሮው ስንወጣ «ለፍሊት ደግሞ ፈቃድ?» ብለን ሣቅን። ጋሼም «እኔ ስንት ሺህ ቤት የረጨሁት ሰውዬ!» ብለው አብረውን ሣቁ። ይሁን እንጂ የልጁ ሳል በጆሯችን ውስጥ ስለ ቀረ ለትምህርቱ ተመዘገብን።

ትምህርቱ በሁለት ዐይነት ይሰጥ ነበር፤ አንደኛው በመጽሐፍ፣ ሁለተኛው ፈቃድ ባለው ባለሙያ ሥር ሆኖ በሥራ ላይ። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ስለ ሆነ፣ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በጋሼ ቤት ተሰብስበን ቃል በቃል ወደ አማርኛ እየመለስን እናነበው ነበር። ባለቤታቸው ቡና ያፈላሉ፤ መምህሩ ያነባል፤ የመዝገብ ቤቱ ሰው ይጽፋል፤ ጋሼ ያዳምጣሉ።

አስቀድሞ ያሰናከለን የገዛ ቋንቋችን ነው። የእንግሊዝኛው ቃል በቀጥታ ሲተረጐም «ተባይ ገዳይ» ማለት ነው። እኛ ግን የአይጥ መድኃኒት፣ የትኋን መድኃኒት፣ የበረሮ መድኃኒት እንላለን። መድኃኒት ከመዳን የወጣ ቃል ነው፤ ለመግደል የተሠራውን ነገር በመዳን ስም እንጠራዋለን። ፍሊት የሚለውም ቃል የአንድ አሮጌ የንግድ ዕቃ ስም ሆኖ ሳለ፣ በአፋችን ተለምዶ ከሳሙናና ከኦሞ እኩል የቤት ዕቃ መሰለን። መምህሩ ይህን ሲያስረዳ ጋሼ ሲኒያቸውን አስቀምጠው ዝም አሉ። ዝምታቸው ምን እንደ ነበረ ያን ጊዜ አላወቅንም።

ከዚያ በኋላ ስለ ሕጉ ተማርን። የአሜሪካ መንግሥት የፀረ ተባይ ሕግ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1947 ወጥቶ በ1972 በብዙ ተሻሽሏል። ከማሻሻያው ወዲህ፣ በዕቃው ላይ ከተለጠፈው ጽሑፍ ውጭ መድኃኒቱን መጠቀም በሕግ የተከለከለ ሆነ፤ አደገኞቹን መድኃኒቶች የሚረጩ ሰዎችም ችሎታቸው ተመስክሮ ወረቀት እንዲይዙ ተወሰነ። ከጽሑፉ ላይ «አደጋ»፣ «ማስጠንቀቂያ»፣ «ጥንቃቄ» የሚሉት ቃላት ጌጥ ሳይሆኑ የመርዙን ኀይል በደረጃ የሚለዩ ምልክቶች መሆናቸውን ተረዳን። ጣሳው ጀርባ ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን ያን ማታ አንብበነው ቢሆን ኖሮ፣ መስኮቱን ባልዘጋን፣ ምንጣፉንም ባልነካን ነበር።

የጋሼ ዕውቀት ደግሞ አስደነቀን። መጽሐፉ ስለ አረጫጨት ሲያወራ ተነሥተው የመጥረጊያ እንጨት ያዙና በማድ ቤቱ ግድግዳ ፊት ቆሙ። «አፈ ሙዙ ከግድግዳው 45 ሳንቲ ሜትር ይርቃል፤ የሚረጨው ስፋት 75 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ፣ እርምጃህን ሳታዛንፍ» እያሉ አሳዩን። ሜትር አምጥተን ብንለካው ክንዳቸው ያለ ስሕተት 45 ሳንቲ ሜትር ላይ ቆሞ አገኘነው። ስለዚህ ከሦስታችን አንድ ሰው የሚያልፍ ቢሆን እርሳቸው ናቸው ብለን አመንን።

ፈተናው የሚሰጠው በመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤት፣ በኮምፒውተር ፊት ነው። ለማለፍ ከመቶ 70 ማግኘት ያስፈልጋል። እኛ ሁለታችን አለፍን፤ ጋሼ ወደቁ።

ስንመለስ በመኪናው ውስጥ ብዙ ጊዜ የተናገረ አልነበረም። በመጨረሻ «ጋሼ፣ እንግሊዝኛው ነው እንጂ እርስዎማ ከሁላችን በላይ ያውቃሉ» ብለን ልናጽናናቸው ሞከርን።

«ቋንቋው አይደለም፣ ልጆቼ» አሉን። «መድኃኒቱን ከመጣበት ዕቃ አውጥቶ በምግብ ወይም በመጠጥ ዕቃ አድርጎ ለሌላ ሰው ስለ መስጠት የሚጠይቅ ጥያቄ መጣ። መልሱን አውቀዋለሁ። ነገር ግን እጄ አልታዘዘኝም። ከዚያ በኋላ የመጣውን ጥያቄ ሁሉ እያየሁ አላየሁትም።»

ከዚያም ነገሩን ነገሩን። በእኛ አቆጣጠር በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ አንድ ቤት ረጭተው ሲወጡ አንዲት እናት ራሱ በቅማል የተወረረ ሕፃን ይዛ መጣች፤ ከዲዲቲው ጥቂት እንዲሰጧትም ለመነቻቸው። አዘኑላት። ከከረጢቱ ዱቄት በባዶ የወተት ቆርቆሮ ሰፍረው «መድኃኒት ነው» ብለው ሰጧት። እርስዋም ጕልበታቸውን ስማ፣ መርቃቸው ሄደች። በሚቀጥለው ዓመት ወደ ሌላ ቀበሌ ስለ ተመደቡ ሕፃኑን ዳግመኛ አላዩትም። ዱቄቱ ምን ያህል እንደ ተቀባ፣ ቆርቆሮው ታጥቦ ወተት ገብቶበት እንደ ሆነ፣ የሚያውቁት ነገር የለም።

መምህሩ ዲዲቲ ስንት ሕይወት ከወባ እንዳዳነ፣ ተባይ ገዳይነቱን ያገኘው ሳይንቲስት ፓውል ሙለርም በ1948 የኖቤል ሽልማት እንደ ተሰጠው አስታወሳቸው። በሰውና በእንስሳ ስብ ውስጥ የሚከማች፣ በእናት ጡት ወተትም የሚተላለፍ መሆኑ በሰፊው የታወቀው ቈይቶ ነው፤ አሜሪካም ለአብዛኛው ጥቅም የከለከለችው በ1972 ነው። ጋሼ ይህን ሁሉ በትዕግሥት ሰሙ። ቀጥለውም እኛ እስከ ዛሬ የማንረሳውን ቃል ተናገሩ፦

«በወባ ሥራዬ አላፍርም። ግድግዳውን ስረጭ መጠን ነበረኝ፤ ለአንድ ካሬ ሜትር 2 ግራም። የሚቈጣጠረኝ አለቃ፣ የምጽፍበት መዝገብም ነበረኝ። ለዚያች እናት ስሰጣት ግን መጠንም፣ አለቃም፣ መዝገብም አልነበረኝም። የነበረኝ ደግነት ብቻ ነው።»

እኛም ያን ጊዜ የራሳችን ማታ ትዝ አለን። ለመምህርቷ ወረቀት የመለስነው መልስ እንዲሁ ደግነት ብቻ ነበረ። በቅን ልብ የተረጨ መርዝ በክፉ ልብ ከተረጨው መርዝ ያነሰ አያሳልም። ፈቃድ የሚባለው ነገር ምን እንደ ሆነ የገባን ከመጽሐፉ ይልቅ በዚያች መኪና ውስጥ ነው፤ ደግነትን በመጠን፣ በተቈጣጣሪና በመዝገብ የሚያስር ገመድ ነው።

ጋሼ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ተመልሰው ተፈተኑ፤ አለፉም። የምስክር ወረቀታቸው በፖስታ ሲመጣ ባለቤታቸው በመስታወት ከትተው ሊሰቅሉት ፈልገው ነበር። እርሳቸው ግን አጥፈው በኪሳቸው ጨመሩት።

አሁን አንባቢ ፈቃድ ካወጣን ወዲህ ምን ያህል እንደ ረጨን ሊጠይቀን ይችላል። እጅግ ጥቂት ነው። ወደዚያው የሕፃናት ክፍል በእጅ ባትሪ ተመልሰን ስንመረምር፣ ከመታጠቢያው ሥር ቧንቧው ሲያንጠባጥብ፣ ቧንቧው በግድግዳው ውስጥ በሚያልፍበት ላይ ክፍተት ሲታይ፣ በመደርደሪያውም ውስጥ የብስኩት ፍርፋሪና አሮጌ ካርቶን ተከማችቶ አገኘን። ያች ትንሿ ቡናማ በረሮ በአንድ የዕንቍላል ከረጢት ከ30 እስከ 40 ዕንቍላል ትሸከማለች፤ ውሃ፣ ምግብና መሸሸጊያ እስካገኘች ድረስ አንድ ጣሳ ፍሊት ዘርዋን አያጠፋውም። ስለዚህ ቧንቧውን አስጠገንን፤ ቀዳዳውን ደፈንን፤ ካርቶኑን ጣልን፤ ብስኩቱን ክዳን ባለው ዕቃ አስገባን። ከዚያ በኋላ ብቻ የሕፃን እጅ በማይደርስበት ስንጥቅ ውስጥ ጥቂት የማጥመጃ ቅባት አኖርን፤ ቀኑንና መጠኑንም መዝገብ ላይ ጻፍን። የበረሮ ኵስና ቅርፊት ራሱ አስም እንደሚቀሰቅስ ስለ ተማርን፣ መጥረጊያችንም ከፓምፑ ያላነሰ የጦር መሣሪያ ሆነ። አይጥ ስድስት ሚሊ ሜትር በምታህል ቀዳዳ ሾልካ ስለምትገባ፣ የውጭ በሮችን ሥር በጐማ አስደፈንን።

ያን ልጅ ዛሬም አንዳንድ ቀን ወደ ማታ ገደማ በመተላለፊያው ሲሮጥ እናየዋለን። እርሱ አያውቀንም፤ እኛ ግን ባየነው ቍጥር እጃችን ወደ ኪሳችን ይሄዳል።

በአገራችንም የፀረ ተባይ ምዝገባና ቍጥጥር አዋጅ ቍጥር 674/2002 ወጥቷል። ሕግ ግን በወረቀት ላይ ሲወጣ ሥራው ተጀመረ እንጂ አላለቀም። ይህን ለሚያነቡ የመሥሪያ ቤት ኀላፊዎችና መምህራን በትሕትና የምናቀርበው ጥያቄ አንድ ነው፤ በትምህርት ቤታችሁ፣ በተማሪዎች ማደሪያችሁ፣ በእህል መጋዘናችሁ መርዙን የሚይዘው እጅ የማን ነው? ጀርባውን አንብቦታልን? በመጣበት ዕቃ ነውን፣ ወይስ በውሃ ጠርሙስ የተቀመጠው? የመጋዘኑ ቍልፍ በማን ዘንድ ነው? መዝገብስ አለን?

ጥያቄው ትንሽ መስሎ አንባቢን ቢያሥቅ አንቀየምም፤ እኛም ሥቀን ነበርና። ጋሼ ይህን ጽሑፍ አንብበን ስንጨርስላቸው አንድ ነገር ብቻ አሳረሙን። በአንድ ስፍራ «መድኃኒቱን ረጨን» ብለን ጽፈን ነበር። «መርዙን በሉት» አሉን፤ አረምነው።