ጥርሱ ያላለቀ ጎማ

የሒሳብ መምህር ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ መደመርና መቀነስ ሳስተምር ስለኖርኩ በቁጥር ይሳሳታል ብሎ የሚጠረጥረኝ የለም፤ እኔም ራሴን አልጠረጥርም ነበር። ዛሬ ለግድግዳ ጋዜጣችን ይዤ የቀረብኩት በአራት አኃዝ ላይ የሠራሁትን ስሕተት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ሲቋረጥ አውቶቡሳችን ከመጋዘኑ ጎን እንደቆመች ቀረች። የሚያዝያ ፀሐይ ሲመታት፣ ክረምቱ ሲወርድባት ከርማ፣ ተቋሙ ሊከፈት ሲል ሹፌራችን ጋሼ ዞር ዞር ብለው አዩዋትና «ጎማዎቹ አልቀዋል» አሉ። እኔ ጎንበስ ብዬ ሳይ ጥርሳቸው ጥልቅ ነው። «ኧረ ምኑ አለቀ?» አልኳቸው። መልስ ሳይሰጡ የጎማውን ጎን በአውራ ጣታቸው ገፋ አደረጉት፤ እንደ ደረቀ የጭቃ ግድግዳ ፍርክስክስ ያለ ስንጥቅ ብቅ አለ።

ይህ ለእኔ አዲስ ትምህርት ነበር። ጎማ የሚያረጀው በመሄድ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካስ ቆሞም ያረጃል፤ እንዲያውም አንዳንዴ ቆሞ ይብሳል። አየሩ፣ ኦዞኑና የፀሐይ ጨረሩ ላስቲኩን ያደርቁታል። ፋብሪካው ይህን እንዲከላከል የሚጨምርበት ቅመም አለ፤ ጎማው ሲሽከረከርና ሲተጣጠፍ ቅመሙ ከውስጥ እየወጣ ገጹን ይለብሰዋል። የቆመ መኪና ጎማ ግን ይህን አያገኝም። በአሜሪካ መኪናቸው ላይ መኝታና ማድ ቤት ሠርተው ለዕረፍት የሚጓዙ ሰዎች ይህን ችግር በደንብ ያውቁታል፤ መኪናቸው አብዛኛውን ዓመት ቆማ ስለምትከርም ጥርሱ ያላለቀ ጎማ ነው የሚጥሉት። ለመስክ ልምምድና ለጉብኝት ብቻ የምትወጣው የእኛዋ አውቶቡስም ጠባይዋ ያው ነው።

በኅዳር 2013 ዓ.ም. የግዢ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ቁጥር ያውቃል ተብዬ እኔም ገባሁ። ሦስት ፕሮፎርማ ተሰበሰበ። ረከስ ወዳለው ሱቅ ጋሼን ይዤ ሄድኩ። ስድስት ጎማ፣ ሁለት ለፊት፣ አራት ለኋላ። ጥቁራቸው ያበራል፣ ወረቀታቸው አልተላጠም። ልኩ ትክክል፣ የሚሸከመው ክብደትም ትክክል፣ ሁሉም ራዲያል። ሻጩም ደግ ሰው መሰለኝ፤ ሻይ አስመጣልን።

የጎማ ዕድሜ ከጎኑ እንደሚጻፍ አንብቤ ነበር። ከዲ-ኦ-ቲ ፊደላት ቀጥሎ ከሚመጣው መለያ መጨረሻ ላይ አራት አኃዝ አለ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ያመለክታሉ። ፈልጌ አገኘሁት፦ 3512። በልቤ አሰላሁ። 35ኛው ሳምንት፣ ከመስከረም ሲቆጠር፣ ግንቦት መባቻ። ዓመቱ 2012። «የስድስት ወር ጎማ ነው» አልኩ ደስ ብሎኝ።

ጋሼ ግን በጥፍራቸው ጫን ጫን አደረጉት። «መምህር፣ አዲስ ጎማ ጥፍር ይቀበላል። ይሄ ደርቋል» አሉ። «ጋሼ፣ ቁጥሩ እኮ አይዋሽም» አልኳቸው። ዝም አሉ። ፈረምኩ፤ ሞዴል 19 ተቆረጠ፤ ጎማዎቹ ተገጠሙ።

በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. መጨረሻ እጩ መምህራን ይዘን ለጉብኝት ወደ ባሕር ዳር ተነሣን። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ሸለቆ ያለውን ቁልቁለት የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ መውረድ ነው። ጋሼ በከባድ ማርሽ ቀስ እያሉ አወረዱን። ድልድዩን ተሻግረን፣ ሙቀቱ እያፈነን፣ ያንኑ ያህል ወጣን። ልጆቹ ይዘፍናሉ። ደጀን ልንደርስ ትንሽ ሲቀረን ከበስተኋላ በቀኝ በኩል ጧ! አለ፤ ከዚያ የወለሉን ብረት የሚገርፍ ነገር። ጋሼ ፍሬን ሳይረግጡ፣ መሪውን ጭምቅ አድርገው ይዘው፣ ጋዙን ለቀው፣ መንገዱ ዳር አቆሙ። የጎማው ላይኛው ንጣፍ ከነጥርሱ ተልጦ እንደ ቀበቶ ተንጠልጥሏል። የኋላው ጥንድ ስለሆነ ጎረቤቱ ክብደቱን ተሸክሞ አተረፈን። የፊቱ ቢሆን ኖሮ፣ ያውም ከግማሽ ሰዓት በፊት ቢሆን ኖሮ... ይህን ሳስብ አሁንም እጄ ይንቀጠቀጣል።

በስኮርታው ቀይረን ደጀን ገባን። እዚያ ጎሚስታው፣ ገና ልጅ ነው፣ የተላጠውን ጎማ አገላብጦ አየና «ጋሼ፣ ይሄን የ2004 ጎማ ማን ገጠመላችሁ?» አለ። እኔ ቀደም ብዬ «የ2012 ነው» አልኩት። ሳቀ። «12 የፈረንጅ ነው እኮ፣ መምህር።»

ፋብሪካው ለእኔ ብሎ በመስከረም አይጀምርም። የፈረንጆቹ 2012፣ 35ኛ ሳምንት ማለት የእኛ ነሐሴ 2004 ነው። እስከ 36ኛው ሳምንት ገደማ ያለው ሲሆን ስምንት፣ ከዚያ በኋላ ሲሆን ሰባት ዓመት መቀነስ ነበረብኝ፤ ይህን አምስተኛ ክፍል ያለ ልጅ ይሠራዋል። ስንገዛው ስምንት ዓመት አልፎታል፤ ሲፈነዳ አሥር ሊሞላው አራት ወር ነበር የቀረው። ሚሽሊን የተባለው ፋብሪካ ጎማ አምስት ዓመት ካገለገለ በኋላ በየዓመቱ በባለሙያ ይታይ፣ ከተሠራ አሥር ዓመት ከሞላው ግን ደህና ቢመስልም ይለወጥ ይላል። ሻጩ አውቆ ይሁን ሳያውቅ አልመረመርኩም። የፈረምኩት እኔ ነኝ።

ችግሩ ግን እዚህ ላይ አላበቃም፤ የፊቶቹ ሁለት ጎማዎችም 3512 ናቸው። ልጆቹ አውቶቡስ ውስጥ ሆነው እንሂድ እያሉ ነው። ዝም ብል ማንም አያውቅም ነበር፤ ጎሚስታውና ጋሼ ብቻ። ወደ ውስጥ ገብቼ ቆምኩና ስሕተቱን እንደ ክፍል ትምህርት አስረዳኋቸው። አንዲት እጩ መምህርት «ጋሼ አልነገሩዎትም ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። «ነግረውኛል» አልኳት። ከዚያ ወዲያ የተናገረ አልነበረም።

በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር እየሄድን ደብረ ማርቆስ አደርን። ጠዋት ከጉዞው መጠባበቂያና ከመምህራኑ ኪስ አዋጥተን ለፊት ሁለት ጎማ ገዛን፤ 4021 የሚል፣ ማለትም ከመስከረም 2014 መጨረሻ ወዲህ የተሠራ። ጥፍራቸውን ያሳረፉበት ጋሼ ናቸው፤ እኔ ቁጥሩን ጮክ ብዬ አነበብኩ፣ አብረን ቀነስን። ነፋሱንም ጎማው ሳይሞቅ በመለኪያ አስለኩት፤ በመርገጥ አይታወቅም ይላሉ። (የከፈልነውን ሒሳብ ክፍል «ፕሮፎርማ የለውም» ብሎ እስካሁን አልተካልንም፤ እርሱ ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል።)

የቀሩት ሦስቱ የኋላ ጎማዎች በጀት ሳይዘጋ በሰኔ ተለወጡ። ጋሼ አምና ጡረታ ወጡ። ዘመን መለወጥን ሳስተምር ልጆቹን ወደ ግቢ አውጥቼ የቆሙትን መኪናዎች ጎማ አስነብባቸዋለሁ፤ በዚህ ሴሚስተር አንዱ ቡድን ከአውቶቡሷ ሥር ገብቶ የስኮርታውን ቁጥር ይዞልኝ ወጣ፦ 2109። ያን ቀን ከደጀን ደብረ ማርቆስ ያደረሰን እርሱ ነበር። ይለወጥ የሚለው ደብዳቤ ንብረት ክፍል ገብቷል።